ታሪካዊ ቤቶች ለታሪክ ትምህርት የሚያበረክቱት ድርሻ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ ከተማ ጎን ለጎን የሚጓዙ ሁለት ሂደቶችን ተመልክተናል። በአንድ በኩል ለብዙ ትውልድ ለሰፊው ሕዝብ ዝግ ሆነው የኖሩ ታላላቅ ቤቶች በራቸውን ከፍተዋል። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የዙፋን ቤትና የግብር አዳራሽ በ2012 ዓ.ም. በአንድነት ፓርክ ስም ለጎብኚ ተከፍተዋል። ቀድሞ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይባል የነበረው ብሔራዊ ቤተ መንግሥትም በ2017 ዓ.ም. ታድሶ ሙዚየም ሆኗል። በሌላ በኩል በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያዋ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ በርካታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል።

እነዚህን ሁለት ሂደቶች ነጣጥሎ መመልከት አይገባም። በሁለቱም ላይ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነውና፤ ይኸውም ተማሪው ልጃችን የአገሩን ታሪክ ከማን ቤት ይማራል? የሚለው ነው። ቤተ መንግሥቱ ተጠብቆ የሠርቶ አደሩ መኖሪያ አንድም ሳይቀር ከጠፋ፣ የነገው ተማሪ የጌታውን አልጋ እንጂ አልጋውን ያነጠፈችውን ሴት ኑሮ የሚያይበት ስፍራ አይኖረውም።

ቤት እንደ መማሪያ ክፍል

ተማሪው በክፍል ውስጥ የሚያገኘው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የነገሥታት ስምና የጦርነት ዓመተ ምሕረት ነው። ለፈተና ይሸመደዳል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳል። ይህ የሚሆነው መምህሩ ስላልደከመ አይደለም። ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ይዞ፣ በአንድ ክፍል ታጭቀው ለተቀመጡ ልጆች ያለፈውን ኑሮ በተጨባጭ ማሳየት አዳጋች ስለሆነ ነው።

ታሪካዊ ቤት ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችል የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። ተማሪው የበሩን ከፍታ በእጁ ይለካል፤ የምድጃውን ጥቀርሻ ያያል፤ ጌታው የሚገባበትን በርና አገልጋዩ የሚገባበትን በር ይለያል። ውኃው ከየት ይቀዳ ነበር? ማገዶውን ማን ይሸከም ነበር? በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድር ነበር? እያለ ይጠይቃል። ከመጽሐፍ ሲነበብለት ዝም የሚለው ልጅ እንኳ በእንዲህ ያለ ቦታ አንደበቱ ይፈታል።

ይሁን እንጂ ሊሰመርበት የሚገባ ነጥብ አለ። የትኛው ክፍል እንደሚከፈትና የትኛው እንደሚዘጋ፣ የማን ወንበር እንደሚወለወልና የማን ወፍጮ እንደሚጣል የሚወስኑ ሰዎች አሉ። ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ብቻ አሳይቶ ማድ ቤቱን የሚዘጋ ሙዚየም የሚያስተምረው የጌቶችን ታሪክ ብቻ ነው፤ ያውም ግማሹን። የጌታው ኑሮ የቆመው በማድ ቤቱ ላይ ነበርና።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የሚገኘው ማውንት ቨርነን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ ነበር። ይህ ቤት በእ.ኤ.አ. 1853 የተቋቋመ የሴቶች ማኅበር በ1858 በ200,000 ዶላር ለመግዛት ተዋውሎ ከመፍረስ ያዳነው ነው። ለረጅም ዘመን የጎበኙት ሁሉ የሄዱት ጀግናን ለማክበር ነበር። ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት ግን በዚያ ርስት ላይ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። እርሻውን የሚያርሱት፣ ምግቡን የሚያበስሉት፣ ልብሱን የሚሰፉት እነርሱ ነበሩ። በመቃብራቸው አጠገብ ዛሬ የሚታየው መታሰቢያ የተተከለው በ1983 ነው፤ ስለ ሕይወታቸው የሚናገር ሰፊ ዐውደ ርእይ የተከፈተው ደግሞ በ2016 ነው። ቤቱ ለሕዝብ ከተከፈተ ከመቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ለመምህራን የሚጠቅመው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ዋሽንግተን በ1799 ባሮቹን በስም የዘረዘረበት መዝገብ ዛሬም አለ። መዝገቡ የእያንዳንዱን ሰው ሥራና ትዳር፣ የትዳር ጓደኛው የሚኖርበትን ስፍራ ጭምር ይገልጻል። ርስቱ በአምስት እርሻዎች የተከፈለ ስለነበር ባል በአንዱ፣ ሚስትና ልጆች በሌላው እርሻ ይኖሩ እንደነበር ተማሪው ራሱ ከመዝገቡ ሊያነብ ይችላል። ተቋሙ መምህራንን በዕረፍት ጊዜያቸው በስፍራው አሳድሮ ከእንደነዚህ ያሉ ሰነዶችና ዕቃዎች ጋር ያለማምዳቸዋል። አንድ መምህር በሚገባ ከተዘጋጀ ቤቱን ጨርሶ ላላዩ በመቶ ለሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርቱን ይዞላቸው ይሄዳል።

ሁለተኛው ምሳሌ የታላቅ ሰው ቤት አይደለም። በኒውዮርክ ከተማ በኦርቻርድ ጎዳና ቁጥር 97 በ1863 የተሠራ የኪራይ ሕንፃ ነው። እስከ 1935 ድረስ ከሃያ ከሚበልጡ አገሮች የመጡ ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰዎች ኖረውበታል። የአንዱ ቤተሰብ ድርሻ ሦስት ጠባብ ክፍሎች፣ በጠቅላላው ወደ 30 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት መጸዳጃው በጓሮ ነበር። በአንደኛው ክፍል የአንድ ልብስ ሰፊ ቤተሰብ ከቅጥር ሠራተኞች ጋር እየሰፋ፣ እዚያው እያበሰለና እያደረ ኖሯል። በ1935 ባለቤቱ ሕጉ የጠየቀውን ማሻሻያ ከማድረግ ይልቅ ነዋሪዎቹን ማስወጣትን መረጠ፤ የመኖሪያ ክፍሎቹም ከሃምሳ ዓመት በላይ ተዘጉ። በ1988 የተቋቋመው ሙዚየም እነዚያን ክፍሎች እንደነበሩ ጠብቆ ለተማሪዎች ያሳያል። ወዛደሩ ለአንድ ካፖርት ስንት ሰዓት እንደሚሰፋ፣ ኪራዩን ከምን እንደሚከፍል፣ የቤቶች ሕግ ለምን እንደወጣ ልጆች ከዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆመው ይማራሉ።

የእኛዎቹ ቤቶች ምን ያስተምራሉ?

ወደ ራሳችን ስንመለስ «ግብር» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ይህ አንድ ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ይናገራል። ገባሩ የሚከፍለው ግብር ይባላል፤ ጌታው በአዳራሹ የሚያበላውም ግብር ይባላል። ግብር ያገባው ገበሬው ነው፤ ግብር አበላ ተብሎ የተወደሰው ጌታው ነው። በመካከላቸው ያለው እህል ግን አንድ ነው። በምኒልክ የግብር አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በማዕረጉ ተቀምጦ፣ በየተራው እየገባ ይበላ ነበር። መምህሩ ተማሪዎቹን እዚያ አቁሞ ሰንጋውን ማን ነዳው? ማሩን ማን ቆረጠው? ጤፉን ማን ፈጨው? ብሎ ቢጠይቅ፣ ስለ ርስትና ጉልት፣ ስለ ገባርና ባለ ጉልት ግንኙነት ለብዙ ክፍለ ጊዜያት የሚበቃ ትምህርት ከአንድ ቃል ይወጣል።

በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ቤት ከሚያገለግሉት መካከል ባሮች እንደነበሩም መሸሸግ አይገባም። ባርነት በአገራችን በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ይህን የማይናገር የመኳንንት ቤት ሙዚየም ማድ ቤቱን እንደዘጋ ይቆጠራል። እንዲሁም በዙፋኑ ቤት ሥር ያለው ምድር ቤት በ1967 ዓ.ም. የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት የታሰሩበት ነው። ግብር የሚበላበት ግቢ የእስረኛም ግቢ እንደነበር ተማሪው ሁለቱንም አይቶ መመዘን ይኖርበታል።

በስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከዚህ ይበልጥ ይናገራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ምጽዋት ለመስጠት የከተማዋን ድኾች የሰበሰበው በዚህ ግቢ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከጣሉ በኋላ የፋሺስቱ ጥይት በመጀመሪያ የወረደው ለምጽዋት በመጡት በእነዚያ ድኾች ላይ ነው። በተከታዮቹ ቀናት ያለቀውን ሕዝብ የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ሲል ገልጾታል፤ የቅርብ ጊዜ ጥናት ወደ 19,000 ገደማ ይገምተዋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የታገቱት ሹማምንት በጥይት የተመቱት በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነው። በ1954 ዓ.ም. ቤቱ የዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በኋላም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙ ገቡበት። ፋሺስቶች በግቢው ያቆሙት፣ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመት የሚቆጥር ደረጃ ዛሬም አለ፤ በጫፉ ላይ ኢትዮጵያውያን አንበሳ አስቀምጠውበታል። አንድ መምህር በዚህ ግቢ በግማሽ ቀን ውስጥ ወረራን፣ አርበኝነትን፣ የዘውዱን አገዛዝ ቅራኔና የትምህርትን መስፋፋት ማሳየት ይችላል። የሁለቱን አኃዞች ልዩነት አንሥቶ «ታሪክ ጸሐፊ ቁጥሩን እንዴት ያገኘዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ ተማሪው ማስረጃን መመርመር ይለምዳል።

በሐረር ጀጎል የሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ማን የት እንደሚቀመጥ በማዕረግ ይለያሉ። ማኅበራዊ ደረጃ በቤት ግንብ ላይ እንደሚጻፍ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በዚያችው ከተማ የራምቦ ቤት የሚባለው ግን ባለቅኔው በ1891 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። በበሩ ላይ የተጻፈ ስም ሁሉ በማስረጃ መፈተን እንዳለበት ይህም ጥሩ ትምህርት ነው።

ምን መደረግ ይኖርበታል?

አንደኛ፣ መምህሩ ከተማሪዎቹ በፊት ቤቱን ብቻውን መጎብኘት ይገባዋል። ልጆችን በሰልፍ አስገብቶ በሰልፍ ማስወጣት ሽርሽር እንጂ ትምህርት አይደለም። ሦስት ወይም አራት ጥያቄዎች አስቀድመው ይሰጡ፤ አንዱ ቡድን ማድ ቤቱን፣ ሌላው በሮቹን፣ ሦስተኛው የግድግዳ ሥዕሎቹን ይያዝ፤ ሲመለሱም ያዩትን በጽሑፍ ያቅርቡ።

ሁለተኛ፣ ሙዚየሞቹ በክረምት ዕረፍት መምህራንን ሰብስበው ማለማመድ፣ ሰነዶችን አባዝተው መስጠት፣ ለራቁ ትምህርት ቤቶችም የሚዞር የዕቃና የፎቶግራፍ ሣጥን ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል። የገጠሩ ተማሪ ግብሩ የተከፈለበት አገር ልጅ ነውና ከትምህርቱ ሊገለል አይገባም።

ሦስተኛው ነጥብ በቀጥታ የሚመለከተው የነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ዕድሮችንና ሠራተኛውን ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌዎች ተሰጥተዋል፤ ኪራያቸውም ቀንሷል። የቀበሌ ቤት የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በእናቶቻችን ሣጥን የሚገኘው ያረጀ የኪራይ ደረሰኝ፣ የዕድሩ መዝገብ፣ በአንድ ግቢ የጋራ የሆነው የውኃ ቧንቧ ታሪክ ሁሉ ለተማሪው ከኦርቻርድ ጎዳናው ሕንፃ የማያንስ ማስረጃ ነው። ነገር ግን ቤቱ ሲፈርስ፣ ጎረቤቱም ሲበተን፣ ደረሰኙ ይጠፋል፤ ምስክሩም ይርቃል።

ይህን ስንል ማንም ሰው በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ይኑር ማለታችን አይደለም። ሠርቶ አደሩ ንጹሕ ቤት፣ ውኃና መጸዳጃ ይገባዋል። የምንለው ከመፍረሱ በፊት ይለካ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ የአረጋውያኑ ቃል በስማቸውና በፈቃዳቸው ይመዝገብ፤ ከየሰፈሩም ቢያንስ አንድ ቤት ከነምድጃው፣ ከነቆጡ ለትምህርት ይቆይ ነው። ይህን ሥራ የአካባቢው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከመምህራቸውና ከዕድር ሽማግሎች ጋር ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ደብተርና ሜትር እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የጌታው አዳራሽ ለገባሩ ልጅ ተከፍቷል፤ ይህ በጎ ነው። ያ ልጅ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ አያቱ የኖሩበትን ቤትም በዚያው ዓይን እንዲመረምር ማስተማር ግን ገና ያልተሠራ ሥራ ነው። ቤቱ ቆሞ፣ አያቱም በሕይወት ሳሉ መጀመር አለበት።