ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ዋጋ ለወላጆች

በዚህ ሳምንት ስለ ቤት ወጪ የምንናገረው ልጆቻችን በጌም ቤት ስለሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቤት የሚጎድለው በጥቂት በጥቂቱ ስለ ሆነ መመርመሩ ይገባል።

ዕቃ ሲያረጅ ዋጋው ይቀንሳል፤ የጨዋታ መሣሪያም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚሁ ልማድ ይሸጥ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፕሌይስቴሽን 5 የተባለው መሣሪያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በ500 ዶላር ገደማ መሸጥ ጀምሮ፥ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. 550 ዶላር ገደማ ሆነ። የታላላቆቹ አዳዲስ ጨዋታዎች ዋጋም ከ60 ወደ 70 ዶላር ወጣ፤ ኒንቴንዶ የተባለውም የጃፓን ኩባንያ በ2017 ዓ.ም. አንዱን ጨዋታ በ80 ዶላር ለገበያ አቀረበ።

በአገራችን ደግሞ ሁለተኛ ምክንያት ተጨመረ። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ካደረገ ወዲህ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ባለ 70 ዶላሩ ጨዋታ በባንክ ተመን ከ4,000 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ9,000 ብር አለፈ።

ይህን ያህል ገንዘብ በመቱ፥ በጎሬ ወይም በያዮ ያለ ተማሪ ከየት ያመጣል? መሣሪያውን የሚገዛው የጌም ቤቱ ባለቤት ነው፤ ልጁ የሚከፍለው ለአንድ ግጥሚያ ብቻ ነው። ውድነቱም በጥቂት ብር ተከፋፍሎ ስለሚመጣ አይሰማም። ለ9,000 ብር እጁ የሚንቀጠቀጥ አባት ስለ 10 ብር አይጠይቅም። ነገር ግን ግጥሚያው 10 ብር ቢሆንና ልጁ በቀን አራት ጊዜ ቢጫወት፥ በወር 1,200 ብር ይሆናል፤ በስምንት ወር የአዲሱን ጨዋታ ዋጋ ከፍሎ ይጨርሳል፥ ጨዋታው ግን የእርሱ አይደለም። የተሸነፈ ይከፍላል የሚል ደንብ ካለ ደግሞ ገና ያልለመደው ልጅ የጎበዙን ሒሳብ ይሸከማል፤ የከሰረውንም ለማስመለስ እንደ ገና ይቀመጣል። በስልክ በነጻ የሚገኙትም ጨዋታዎች ብዙዎቹ ከጀመሩ በኋላ ጌጥና ጕልበት ይሸጣሉ።

በኢሉባቦር ይህ ነገር ይልቁን ይከብዳል። የብዙው ቤት ገንዘብ ከቡና ጋራ ይመጣልና። ቡና በዓመት አንድ ወራት ይለቀማል፤ ጌም ቤት ግን በየቀኑ ይከፈታል።

እንግዲህ ጌም ቤት ይዘጋ ማለታችን አይደለም። ባለቤቱም ኪራይና መብራት ከፍሎ እንጀራውን የሚፈልግ ሰው ነው፤ ጨዋታም ለልጅ ይገባዋል። የምንመክረው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ ለልጁ በሳምንት የተቈረጠ ገንዘብ መስጠት፤ ሁለተኛ፥ ያወጣውን በገዛ እጁ በደብተር እንዲጽፍ ማድረግ፤ ሦስተኛ፥ ወላጅ ራሱ ሄዶ የግጥሚያውን ዋጋና የከፋዩን ደንብ መጠየቅ። በቤትም ገበታ ይዘርጋለት፤ ጠጠር ምንዛሪ አይጠይቅምና።

ገንዘቡን ፈጽሞ የከለከለ አባት ልጁን መደበቅ ያስተምረዋል፤ ቈጥሮ የሰጠው ግን መቍጠር ያስተምረዋል።