ክለቡን የገዛው ማነው? ክለቡ ራሱ

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት የሚወቅሰው አያጣም፤ አንድም አሠልጣኙን፣ አንድም የግሌዘር ቤተሰብን። አሠልጣኙ ይቀየራል። ቤተሰቡ ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እዚያው አለ። እኛም አገር በዲኤስቲቪ ቤቶች «እነዚህ ሰዎች ኳስ አይወዱም» የሚል ምሬት መስማት የተለመደ ነው። የፍቅር ጉዳይ ለፍርድ አይመችም። ይልቅ መጠየቅ ያለበት ክለቡ በማን ገንዘብ ተገዛ የሚለው ነው።

በግንቦት 2005 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካዊው ባለሀብት ማልኮም ግሌዘር የሁለት አየርላንዳውያን ባለአክሲዮኖችን 28.7 በመቶ ድርሻ ገዙ። ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም። ግዢው በጠቅላላ 790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የፈጀ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ500 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ብድር ነበር። የብድሩ ከፊል በክለቡ ንብረት መያዣነት የተወሰደ ነው። የቀረው ሄጅ ፈንድ ከሚባሉት የኢንቨስትመንት ተቋማት በከባድ ወለድ መጣ። እስከዚያ ድረስ ክለቡ ዕዳ አልነበረበትም።

አንድ ሰው ቤት አስይዞ ተበድሮ ያንኑ ቤት ቢገዛ ምን ነውር አለው? የለውም። ነገር ግን እዚያ ባለዕዳው ገዢው ራሱ ነው፤ ካልከፈለ የሚጠየቀው እሱ ነው። እዚህ ዕዳው የተጫነው በተገዛው ላይ ነው። ደጋፊው ለትኬትና ለማሊያ የሚከፍለው ገንዘብ ክለቡን ለገዛው ሰው ብድር መክፈያ ሆነ ማለት ነው። በ2006 ብድሩ እንደገና ሲደራጅ ዓመታዊ ወለዱ ብቻ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ክርስቲያኖ ሮናልዶ በ2009 ለሪያል ማድሪድ የተሸጠበት 80 ሚሊዮን ፓውንድ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የዓመት ከመንፈቅ ወለድ እንኳ አይሞላም።

ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። የዚያን ጊዜው የእንግሊዝ የኩባንያ ሕግ፣ የ1985ቱ፣ አንድ ኩባንያ የራሱን አክሲዮን ለሚገዛ ሰው የገንዘብ ድጋፍ ወይም ዋስትና እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። ይሁን እንጂ ለግል ኩባንያ ቀዳዳ ነበረው፤ ዳይሬክተሮቹ ኩባንያው ዕዳውን መክፈል እንደሚችል ካረጋገጡና ባለአክሲዮኖች በልዩ ውሳኔ ከፈቀዱ ክልከላው ይነሳል። ለልዩ ውሳኔ የሚያስፈልገው ደግሞ 75 በመቶ ድምፅ ነው። ግሌዘር በዚያው ግንቦት ያንን መጠን እንዳለፉ ክለቡን ከአክሲዮን ገበያ ለማስወጣትና የግል ለማድረግ መንገዱ ተከፈተላቸው። ስለዚህ የተሰረቀ ነገር የለም። ሁሉም በሕጉ መሠረት የተከናወነ ነው፤ የሚያስቆጨውም ይኸው ነው። የ2006ቱ ሕግ ደግሞ ጭራሹን ለግል ኩባንያዎች ክልከላውን አነሳው።

ባለቤቶቹ ገንዘብ ሰሳቾች ናቸው የሚለው ክስ ግን ብዙም አያስኬድም። ፖግባ በ2016 በወቅቱ የዓለም ሪከርድ በሆነ 89 ሚሊዮን ፓውንድ ተገዝቷል። ብቻ ያ ገንዘብ ከክለቡ ገቢ እንጂ ከቤተሰቡ ኪስ አልወጣም።

ታዲያ የሚፈልጉት ምንድን ነው? የንብረቱ ዋጋ ማደግ ነው። በ2012 ክለቡን በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በአንድ አክሲዮን 14 ዶላር አቀረቡት። ከሽያጩ ግማሹ ለክለቡ ዕዳ፣ ግማሹ ለቤተሰቡ ሆነ። ለሕዝብ የተሸጠው አክሲዮን አንድ ድምፅ ሲኖረው ቤተሰቡ ያስቀረው አክሲዮን አሥር ድምፅ አለው። ገንዘቡን ከሌላው፣ ውሳኔውን ከራስ! ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በ2013 ከተሰናበቱ በኋላ ባለው አሥር ዓመት ክለቡ አንድም የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አላነሳም። በየካቲት 2024 ሰር ጂም ራትክሊፍ ሩብ ያህሉን ድርሻ ሲገዙ ግን ለአንድ አክሲዮን 33 ዶላር ከፍለዋል። በዚህ ሒሳብ ክለቡ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ዋንጫ ጠፍቶ ዋጋው ወጣ።

በሚያዝያ 2021 የሱፐር ሊግ ውጥን የመጣውም ከዚሁ አስተሳሰብ ነው። ከገቡበት ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች ሦስቱ፣ ዩናይትድ፣ ሊቨርፑልና አርሰናል፣ በአሜሪካውያን እጅ ነበሩ። ግሌዘሮች የታምፓ ቤይ ቡካኒርስ ባለቤቶችም ናቸው፤ በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ደግሞ መውረድ የሚባል ነገር የለም። ክፉኛ የተሸነፈ ቡድን እንኳ የቴሌቪዥን ድርሻው አይነካበትም። ለባለሀብት ይህ ዋስትና ነው፤ ለደጋፊ ግን የውድድሩ ሞት። ደጋፊው አደባባይ ወጥቶ ውጥኑ በ48 ሰዓት ውስጥ ፈረሰ።

ራትክሊፍ የስፖርቱን አመራር ከተረከቡ በኋላ በ2024 ወደ 250 የሚጠጉ ሠራተኞች ተቀነሱ። በወጪ ቅነሳው የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ተሰናበተ፤ አብላጫው ድምፅ ግን በግሌዘር ቤተሰብ እጅ ቆየ። ፕሪሚየር ሊጉም በ2023 እንዲህ ላለው የብድር ግዢ ጣሪያ አበጅቷል፤ ብድሩ ከክለቡ ዋጋ 65 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል። ከ790 ሚሊዮን ፓውንድ 65 በመቶው 513 ሚሊዮን ተኩል ነው። ግሌዘሮች በ2005 ከተበደሩት ብዙም አይርቅም።