ለነገ ተብሎ የሚቃጠል ገንዘብ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2020 የኤንቪዲያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄንሰን ሁዋንግ ከቤታቸው ኩሽና በቪዲዮ ቀርበው አዳዲስ የግራፊክስ ካርዶችን አስተዋወቁ። ከመካከላቸው አርቲኤክስ 3070 የተባለው 499 ዶላር ተቆረጠለት፤ ከአርቲኤክስ 2080 ቲአይ እንደሚፈጥንም ተነገረለት። 2080 ቲአይ ማለት ኩባንያው ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት በ1,199 ዶላር ያወጣው የዚያ ትውልድ ቁንጮ ነው። ያን ሰሞን ያገለገሉ 2080 ቲአይ ካርዶች በ500 ዶላር ገደማ ይቸበቸቡ ጀመር። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ካርዱን የገዙት አንድ ምክር ሰምተው ነበር፦ «አንዴ ትልቁን ግዛና ለዓመታት ተገላገል።»

ምክሩ ዛሬም አለ። ጌም መጫወቻ ኮምፒውተር ማስገጣጠም የፈለገ ወጣት ሻጩን ቢጠይቅ፣ ጌም የሚያውቅ ጓደኛውን ቢያማክር የሚሰማው ይህንኑ ነው። አስተዋይነት ይመስላል፣ ቁጠባም ይመስላል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ሁለቱንም አይደለም። በእነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ ትልቁ ብክነት ያለው «ለነገ» ተብሎ በሚከፈለው ጭማሪ ውስጥ ነው። ፍጥነት ሳይነካ ወጪ ይቀነስ ከተባለ መጀመሪያ መቆረጥ ያለበት እሱ ነው።

በዚያው በ2020 የወጡ ሁለት ካርዶች ነገሩን ፍንትው አድርገው ያሳያሉ። አርቲኤክስ 3080 በ699 ዶላር፣ አርቲኤክስ 3090 በ1,499 ዶላር ወጡ። ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው። በ4ኬ ጥራት ጌም ሲሞከርባቸው ግን 3090 የበለጠው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ ጥራቱ ዝቅ ሲል ልዩነቱም አብሮ ይጠባል። በሴኮንድ አንዱ 100 ፍሬም (ምስል)፣ ሌላው 112 ፍሬም የሚያገኙ ሁለት ተጫዋቾች፣ ቁጥሩ ስክሪኑ ጥግ ላይ ካልተጻፈላቸው በቀር የትኛው ካርድ የማን እንደሆነ አይለዩም። ያም ሆኖ «ይህ እኮ 24 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፣ ረጅም ዘመን ይሄዳል» እየተባለ ተሸጠ። ጃንዋሪ 2023 አርቲኤክስ 4070 ቲአይ በ799 ዶላር ሲወጣ 3090ን በጌም ቀደመው። 699 እና 799 ሲደመሩ 1,498 ይመጣሉ። በ2020 ሦስት ሺህ ሰማንያውን ገዝቶ ልዩነቱን ያስቀመጠ ሰው ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የተሻለውን ካርድ ይገዛበታል፤ አንድ ዶላር ይተርፈዋል፤ አሮጌው ካርድ ደግሞ የሚሸጠው ዕቃው ነው። በሦስት አቅጣጫ ሥዕል ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ እንጀራውን የሚበላ ሰው 24 ጊጋባይቱ ያስፈልገው ይሆናል። ለጌም ብቻ የገዛው ግን ከ800 ዶላር የማያንስ ለነገ ከፍሎ፣ ነገ ሲመጣ ሌላ ካርድ ቀድሞት አገኘው።

እርግጥ ነው፣ ይህ ስሌት የቆመው በፋብሪካ ዋጋ ላይ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የቺፕ እጥረቱ፣ በወረርሽኙ ቤት የዋለው ሕዝብና ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ የሚቆፍሩት ሰዎች ተረባርበው ገበያውን አራቁተውት ስለነበር፣ 3080ን በ699 ዶላር ማግኘት ሎተሪ የመድረስ ያህል ነበር። 2080 ቲአይውን በድንጋጤ በ500 ዶላር የሸጠ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ጣቱን ነክሷል። የትልቁ ካርድ ጠበቆች ይህን ዘመን ዛሬም እየጠቀሱ ይከራከራሉ። ነገር ግን ያን ጊዜ ባለቤቱን የጠቀመው ካርዱ በእጁ መኖሩ ነው እንጂ የካርዱ ትልቅነት አይደለም። በ2017 በ229 ዶላር የወጣው ባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 580 እንኳ አገልግሎ አገልግሎ ከመነሻ ዋጋው በላይ ይሸጥ ነበር። ኢቴሪየም ሴፕቴምበር 2022 በካርድ መቆፈርን ሲተው ያ ሁሉ ግርግር ረገበ።

ከ«ለነገ» ክርክር ውስጥ እውነት ያለው አንድ ቁራጭ የካርዱ ሜሞሪ ነው። 3070 በፍጥነት 2080 ቲአይን ቢስተካከልም የያዘው 8 ጊጋባይት ነው፤ አሮጌው 11 አለው። በ2023 እንደ ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 1 ያሉ ጌሞች ወደ ፒሲ ሲመጡ ባለ 8 ጊጋባይት ካርዶች በከፍተኛ ሴቲንግ መንተፋተፍ ጀመሩ። ስለዚህ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ በ2025 በ8 ጊጋባይት 379 ዶላር፣ በ16 ጊጋባይት 429 ዶላር ተብሎ ሲወጣ ያቺ የ50 ዶላር ጭማሪ በደንብ የምትከፈል ነበረች። በዚያው ዓመት የወጣው የኤኤምዲው አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ደግሞ 16 ጊጋባይቱን በ349 ዶላር ይዞ ወጣ። ማለትም ለነገ የሚሆነው ነገር የሚገኘው መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ለእሱ ሲባል ቁንጮው ላይ መውጣት አያስፈልግም።

የኩባንያዎቹን ቁጥር እንዳለ መዋጥም ዋጋ ያስከፍላል። ጃንዋሪ 2025 እኚሁ ሁዋንግ አርቲኤክስ 5070 በ549 ዶላር የ4090ን አቅም ይሰጣል ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። 4090 በ1,599 ዶላር የወጣ ካርድ ነው። አባባሉ የቆመው ካርዱ በትክክል በሚሠራው በእያንዳንዱ ፍሬም መካከል እስከ ሦስት ሰው ሠራሽ ፍሬም በሚጨምር ዘዴ ላይ ነበር። ያ ዘዴ ሲጠፋ 5070 ከ4070 ሱፐር ብዙም ያልራቀ ጨዋ መካከለኛ ካርድ ሆኖ ተገኘ። ጨዋ ካርድ መሆኑ ነውር የለውም፤ ነውሩ ያለው ማስታወቂያው ላይ ነው።

ወደ ፕሮሰሰር ሲመጣ ብክነቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም እዚያ ትልቅ ቁጥር ጭራሽ ፍጥነት ላያመጣ ይችላል። ኤኤምዲ ኤፕሪል 2023 ያወጣው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ 8 ኮር ይዞ ዋጋው 449 ዶላር ነበር። የኢንቴሉ ኮር አይ9-13900ኬ 24 ኮር ይዞ በ589 ዶላር ይሸጥ ነበር። በጌም በአማካይ ያሸነፈው ባለ 8 ኮሩ ነው። ጌም የሚወደው ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተቀመጠውን ካሽ የሚባል ፈጣን ሜሞሪ ሲሆን ባለ 8 ኮሩ ደግሞ ከዚህ 96 ሜጋባይት አለው። አይ9 እስከ 253 ዋት እንዲስብ የተፈቀደለት ስለሆነ ትልቅ ማቀዝቀዣና ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ይጠይቃል፤ ውድ ፕሮሰሰር ብቻውን አይመጣም፣ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ነው። በዚያ ላይ በ2024 ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ኃይለኛ ፕሮሰሰሮቹ ከቮልቴጅ ችግር የተነሳ እየተበላሹ መሆኑን አምኖ ዋስትናቸውን በሁለት ዓመት አራዘመ። «ለዓመታት ይበቃል» ተብለው የተሸጡት እነዚሁ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ተጫዋች 7800ኤክስ3ዲም አያስፈልገውም። በ2023 በ229 ዶላር፣ ማቀዝቀዣው ከነሳጥኑ የመጣው ራይዘን 5 7600 ከመካከለኛ ካርድ ጋር ሲገጠም ወደኋላ የሚጎትተው ካርዱ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ቆሞ ይጠብቃል። ጥራቱ ወደ 4ኬ ሲወጣ የፕሮሰሰሮች ልዩነት ይበልጥ እየከሰመ ይሄዳል።

የሚለካው ዕድሜ ነው ከተባለ ደግሞ ማዘርቦርዱን ማየት ይሻላል። ኤፕሪል 2017 ራይዘን 5 1600ን በ219 ዶላር የገዛ ሰው ኤኤም4 የሚባለው ሶኬት ላይ ነበር የተቀመጠው። በዚያው ሶኬት በ2022 ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ወጣ። በ2020 ኤኤምዲ የ400 ተከታታይ ቦርዶችን ከአዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ሊያስቀር ሞክሮ ተጠቃሚው ሲጮህበት ቃሉን አጠፈ፤ ኋላም ለመጀመሪያዎቹ የ300 ቦርዶች ሳይቀር በሩን ከፈተ። ስለዚህ ባዮስ አድሶ፣ ቺፕ ብቻ ነቅሎ በመትከል ያ ርካሽ ኮምፒውተር ከአምስት ዓመት በኋላ የዘመኑ ፈጣን የጌም ማሽን ሆነ። በ2017 ቁንጮውን የገዛ ሰው ይህን አላገኘም ማለት አይደለም፤ ያው ቺፕ ለሁለቱም እኩል ይገጥማል፤ ልዩነቱ አንዱ ቀድሞ የከፈለው ትርፍ ገንዘብ ነው።

ከሁሉም የሚገርመው ሰው የሚያየውን ነገር ሳያስብ የማያየውን መግዛቱ ነው። በጌም መሸጫው በስቲም ወርኃዊ የሃርድዌር ዳሰሳ በ2025 እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተጫዋች 1080ፒ ሞኒተር ነበር የሚጠቀመው። ባለ 60 ኸርዝ ሞኒተር በሴኮንድ ከ60 በላይ ምስል አያሳይም። 180 ፍሬም የሚያመርት ካርድ እንዲህ ካለ ሞኒተር ጋር ማያያዝ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ነው። የሴቲንጉም ነገር እንዲሁ ነው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ወደ ፒሲ ሲመጣ ሁሉን ነገር አልትራ ላይ ያደረገ ሰው ኃይለኛ ካርድ ይዞ እንኳ ተንገዳግዷል፤ የውኃውን ፊዚክስና የጭጋግ ብርሃኑን ጥራት አንድ ሁለት ደረጃ ያወረደ ደግሞ ያው የሚመስል ምስል በብዙ ተጨማሪ ፍሬም አገኘ። አልትራ የሚለው ቃል ደረትን ያስነፋ እንደሆነ እንጂ ከ«ሃይ» ጋር ጎን ለጎን ካልተቀመጠ በቀር በጨዋታ መሃል የሚለየው ጥቂት ነው።

ቀሪውን ቶሎ ማለፍ ይቻላል። የ400 ዶላር ማዘርቦርድ ከ150 ዶላሩ ቢ650 አንድ ፍሬም አይጨምርም። የቅርቡ ፒሲአይኢ 5 ኤስኤስዲ ጌም ሲከፍት ከርካሹ የሚቀድመው በጥቂት ሴኮንድ ነው፣ አንዳንዴም ያንን አይቀድምም። 40 ዶላር የማይሞላው የተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን ማቀዝቀዣ 100 ዶላር ከሚጠየቅባቸው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። የኬዙ ቀለማም መብራት ደግሞ ያበራል፣ በቃ።

በነጻ የሚገኝ ፍጥነትም ተረስቶ ይቀራል። 6000 ተብሎ የተገዛ ዲዲአር5 ራም ባዮስ ውስጥ ገብተው ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የሚባለውን ካላበሩለት ብዙውን ጊዜ በ4800 ይሠራል። ባለ 144 ኸርዝ ሞኒተር ዊንዶውስ ውስጥ 60 ላይ ተቀምጦ ዓመት የሚከርምበት ቤት አለ። ራም በአንድ ፍሬ ከሚሰካ በሁለት ተከፍሎ ቢሰካ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ስለሚያነብ ጌም ይፈጥናል። የራሙ ነገር በተለይ ዛሬ መታወስ አለበት፤ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሜሞሪውን እየጠቀለሉ ወስደው የራም ዋጋ ተሰቅሏል፣ ማይክሮንም ክሩሻል የሚለውን የተራ ገዢ ንግዱን እንደሚዘጋ ዲሴምበር 2025 ላይ አስታውቋል። 64 ጊጋባይት «ለነገ» ብሎ መግዛት አሁን ከመቼውም በላይ ሞኝነት ነው።

ቁጠባ ግን የማይነካው ዕቃ አለ፤ እሱም ፓወር ሰፕላይ ነው። የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ መሆኑ ነው፤ ፍሬም አይጨምርማ። ታዋቂ ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆንም በ2021 ታይቷል፤ የጊጋባይት ፒ750ጂኤም እና ፒ850ጂኤም በሙከራ ላይ እየፈነዱ ኩባንያው ለመቀየር ተገድዷል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ነገር ሌላ መልክ አለው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የ800 ዶላር ትርፍ ወጪ ቀድሞ 46 ሺህ ብር ግድም የነበረው ከ80 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሰው አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመዱን ሰው ሲመጣ እንዲልክለት ይለምናል። ፕሮሰሰር፣ ራምና ኤስኤስዲ ሻንጣ ውስጥ ገብተው ይመጣሉ፤ ዋስትናቸው ግን ብዙውን ጊዜ አብሮ አይሻገርም። ስለዚህ እዚህ «ለዓመታት ይበቃል» ተብሎ የሚመጣ ውድ ካርድ ቢበላሽ የሚጠገንበትም የሚቀየርበትም መንገድ ጠባብ ነው። መብራት ሲቆራረጥና ቮልቴጅ ሲዋዥቅ የሚያድነው ጥሩ ፓወር ሰፕላይና ዩፒኤስ ነው። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ጀርባው ላይ ቀይ መቀየሪያ ካለውና 115 ላይ እንደተቀመጠ የእኛ 220 ከተሰካበት በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል።

እንግዲህ ኮምፒውተር ሊያስገጣጥሙ የተነሱ ሁሉ ሻጩ ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት የሞኒተራቸውን ጥራትና ኸርዝ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ካርዱን ለእሱ ይምረጡ፣ ፕሮሰሰሩን ለካርዱ። ሻጩ የሚሰጣቸው ዝርዝር ላይ «ፓወር ሰፕላይ 700 ዋት» ከሚል በቀር የአምራቹ ስምና ሞዴል ካልተጻፈ ይጠይቁ፤ መልስ ካጡ ወደ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።