ድኝና ባዜቃ፦ የተቃራኒዎች ውሕደት በአልኬሚ ሥዕሎች

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በተዘጋጁ የአልኬሚ የእጅ ጽሑፎች ውስጥ ፀሐይና ጨረቃ፣ ንጉሥና ንግሥት፣ ወንድና ሴት ሲጋጠሙ ወይም በአንድ አካል ሲጣመሩ ይታያሉ። ዛሬ ይህን ውሕደት የነፍስ ምሳሌ ብቻ አድርጎ መተርጎም ተለምዷል። ለዚህም የሥነ ልቡና ሊቁ ካርል ዩንግ ትልቅ ድርሻ አለው። ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናቱ፣ በ1550 በታተመው «ሮዛሪዩም ፊሎሶፎሩም» የሚገኙትን ሥዕሎች በሐኪምና በታካሚ መካከል የሚፈጠረውን ግንኙነት ለማስረዳት ተጠቅሞባቸዋል። አተረጓጎሙ ጥልቀት አለው፤ ነገር ግን ሥዕሉን ከምድጃው ይነጥላል።

ከዐረብኛ ወደ ላቲን በተሻገረው ትምህርት መሠረት ብረታ ብረት ሁሉ የሚገኙት ትኩስና ደረቅ ከሆነው ድኝ፣ እንዲሁም ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነው ባዜቃ ነው። ቀዩ ንጉሥ ብዙ ጊዜ ድኝን፣ ነጯ ንግሥት ባዜቃን ይወክላሉ። ጋብቻቸውም የቤተ ሙከራውን ሥራ የሚገልጽ ቋንቋ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲሞቁ በመጀመሪያ ጥቁር ውሁድ ይሆናሉ፤ ውሁዱ በብርቱ ሙቀት ተንኖ ሲረጋ ደግሞ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ይህ ቀይ በዘመኑ ሠዓልያን እጅ ከነበሩት ዋና ዋና ቀለማት አንዱ ነው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒም በ1400 አካባቢ በጻፈው የሙያ መመሪያ ይህ ቀለም በአልኬሚ እንደሚሠራ ይናገራል። እንግዲህ የተቃራኒዎች ውሕደት ለሠዓሊው ረቂቅ ሐሳብ ብቻ አልነበረም፤ በብሩሹ ጫፍ ላይ የሚያገኘው ነገር ነበር።

ይህ ማለት ግን ሥዕሎቹ መንፈሳዊ ትርጉም የላቸውም ማለት አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሣለው፣ በዙሪክ የሚገኘው የ«አውሮራ ኮንሱርገንስ» ቅጂ ለዚህ ምስክር ነው። የድርሰቱ የመጀመሪያ ክፍል ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ በተለይም ከሰሎሞን መጻሕፍት ቃል የተሸመነ ሲሆን፣ ሁለተኛው ክፍል ወደ ጥበቡ አሠራር ያዘነብላል። ከሥዕሎቹ በአንዱ ፀሐይ በአንበሳ፣ ጨረቃም ክንፍና የንስር ራስ ባለው አውሬ ላይ ተቀምጠው በጦር ይገጥማሉ፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው በጋሻቸው ላይ የባላጋራቸውን ምልክት ይዘዋል።

ስለዚህ ሥዕሉን ከገጹ ቆርጦ፣ ጽሑፉንና የቀለሙን አሠራር ትቶ ማጥናት በቂ አይደለም። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ከኬሚስቱና ከላቲን አንባቢው ጋር አብሮ ሊሠራ ይገባል። ጸሎትንና ምድጃን የሚለያይ ትርጓሜ ሥዕሉ ያዋሐደውን መልሶ ያፈርሳልና።