እርጥብ እንጨት የገዛ ውሃ ገዛ

የግንቦት ልደታ በዓል በብዙ የአገራችን ክፍል የሚከበር ነው፤ በዓሉ ስሙን በሰጠው በአዲስ አበባው ልደታ ሰፈር ግን የተለየ ድምቀት አለው። ጎረቤት ከደጅ ይሰበሰባል፤ እሳት ይነዳል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ዳቦ ይቆረሳል።

ባለፈው በዓል እንጨት የመግዛቱን አደራ የተቀበልነው እኛ የሰፈሩ ወጣቶች ነበርን። ከመካከላችን ዲግሪ ከያዘ ዓመት ያልሞላው፣ በመሥሪያ ቤት ወንበር የተቀመጠው፣ ገና በትምህርት ላይ ያለውም ነበረበት። ያመጣነው የባሕር ዛፍ ፍልጥ ሲያዩት ያማረ፣ ሲነኩት ቀዝቃዛ፣ ሲያነሡት ከባድ ነበር። እኛም ክብደቱን እንደ ትርፍ ቆጠርነው። ክብሪት ተጭሮ ጋዝ ቢርከፈከፍበትም፣ እንጨቱ ከጫፉ አረፋ እየደፈቀ ከመጨስ በቀር አልነድ አለ። ንፍሮውን የጣዱት እናት ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ልጆቼ፣ እንጨት ብለን ብንልካችሁ ውሃ ገዝታችሁ መጣችሁ?» አሉን። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩ ሲታሰብ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

የእናታችን ቃል በሚዛን ቢፈተን እውነት ሆኖ ይገኛል። ተቆርጦ ያልሰነበተ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ይህ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ እሳቱ ለድስቱ የሚሰጠውን ሙቀት ለራሱ እንጨት ይከፍላል። ግማሹ ውሃ ከሆነ አንድ ኪሎ እንጨት የሚገኘው ሙቀት ወደ 8 ሜጋጁል ሲሆን፣ የውሃው መጠን ከመቶ 20 እስኪደርስ ከደረቀ አንድ ኪሎ ግን ወደ 14 ሜጋጁል ይገኛል። ይህን ስሌት በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ፈተናውንም አልፈነዋል። በገበያው ላይ ግን አላስታወስነውም።

አዲስ አበባ ከማገዶ ጋር ያላት ታሪክ ረጅም ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በዙሪያዋ የነበረው ደን በማለቁ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ ነበር። ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ እያደገ፣ ቢቆረጥም ከጉቶው ዳግም እያቆጠቆጠ፣ ከተማይቱን ባለችበት አጸናት። አያቶቻችን እንጨት ከየት ይምጣ የሚለውን ጥያቄ መለሱ። እንዴት ይድረቅ የሚለው ግን ለእኛ የተተወ ይመስላል።

መልሱን እጁ የሻከረው እንጨት ፈላጭ ያውቀዋል። ባሕር ዛፍ በእርጥቡ ሲፈለጥ ለመጥረቢያ ይታዘዛል፤ ግንዱ ሳይፈለጥ ከደረቀ ግን ሽብልቅም ያስቸግረዋል። ውሃው የሚወጣው በተቆረጠው ጫፍና በተፈለጠው ጎን እንጂ በልጡ በኩል እምብዛም ስላልሆነ፣ ያልተፈለጠ ግንድ ዓመት ቢቀመጥም ልቡ እርጥብ ነው። ጽድም ቢሆን ቶሎ ይቀጣጠላል ተብሎ ከዚህ ሕግ ነፃ አይወጣም። የተፈለጠው እንጨት መሬት እንዳይነካ ከሥሩ ሁለት ግንድ ተጋድሞለት፣ ነፋስ እንዲያልፍበት ሳይጠቀጠቅ ይደረደራል። ከላይ ቆርቆሮ ይደረግለታል፤ ጎኑ ግን ክፍት ይተዋል። በላስቲክ የተጠቀለለ ክምር ላቡን መልሶ ይጠጣል። የደረቀ እንጨት ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ልጡ በእጅ ይላጣል፤ ሁለቱን ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።

ጊዜውም የታወቀ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በጥቅምት የተፈለጠ እንጨት የበጋው ፀሐይና ነፋስ ያገኘዋል፤ የበልጉ ዝናብም በቆርቆሮው ሥር አይነካውም። እንግዲህ ለግንቦት ልደታ የሚነደው እንጨት የሚፈለጠው በጥቅምት ነው ማለት ነው።

ይህ የጥቂት ብር ቁጠባ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። የደረቀ እንጨትም ቢሆን ከጭስ ነፃ አይደለም፤ እርጥቡ ግን እጅግ የባሰ ነው። ጭሱን የሚጠጡትም ምጣድ ላይ የሚውሉት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል ይባላል፤ በእኛ እሳት ግን በእርጥቡ አበሳ እናቶች አለቀሱ። ደግሞም ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደውን ሴት እናስብ። ግማሹ ውሃ የሆነ 30 ኪሎ ሸክም ከመነሻው ቢደርቅ ኖሮ 19 ኪሎ ያህል ይሆን ነበር። የቀረውን 11 ኪሎ ውሃ ቁልቁል የምታወርደው ለማን ነው?

የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚገዛ ቤተሰብ ሰባት ወር የሚጠብቅ እንጨት ሊያከማች አይችልም፤ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖረውም ቦታ የለውም። እድር ግን ይችላል። ድንኳኑን፣ ድስቱንና ወንበሩን ለሁሉም የሚያኖር እድር፣ ከግምጃ ቤቱ አጠገብ አንድ የቆርቆሮ ጥላ ሠርቶ በጥቅምት እንጨት ቢያስፈልጥ፣ ለኀዘኑም ለበዓሉም ደረቅ ማገዶ ያገኛል። ለአባላቱም በገዛበት ዋጋ ሊያካፍል ይችላል። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን፣ ቀኑን አስቀድሞ የሚያስብና መዝገቡን የሚይዝ ሰው ነው። ይህም የተማረው ወጣት ሥራ ነው።

እኛ የልደታ ወጣቶች ይህን ለሰፈራችን እድር ለማቅረብ ተስማምተናል። መጥረቢያውንም ከፈላጩ እጅ ተቀብለን ልንማር ቆርጠናል። የሚመጣው ግንቦት ሲደርስ ያቺ እናት ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ዐይናቸውን ሳይጠርጉ ንፍሯቸውን ከዘገኑ፣ ትምህርታችን አንድ ፍሬ አፈራ ለማለት ያን ጊዜ እንደፍራለን።