የሚያስፈልገንና የሚያምረን

ኅዳር 12 ቀን የመልአኩ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል ነው። በዚህ ዕለት ማለዳ ከኮተቤ፣ ከመገናኛና ከእንጦጦ ግርጌ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ወደ የካ ሚካኤል የሚጎርፈው ምእመን ብዙ ነው። ታቦቱ በእልልታና በዝማሬ ከብሮ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ በየቤቱ ሌላ ጉዳይ ይጠብቀዋል፤ ለበዓሉ ስንት ወጣ? ከማንስ ተበደርን? የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬ ከወትሮው የከበደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የብር የመግዛት አቅም ሲቀንስ በቅድሚያ የሚጎዳው በወር ደመወዝ የሚተዳደረው ቤተሰብ ነው። ስለሆነም የሚያስፈልገንን ከሚያምረን መለየት የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ጉዳይ ሆኗል።

ኑሮ ለከበደበት ሰው «ፍላጎትህን ቀንስ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ከየካ በላይ ባለው የእንጦጦ ተራራ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የከተማዋን የማገዶ እጦት ለማቃለል የተተከለው ባሕር ዛፍ ለብዙ እናቶች የዕለት እንጀራ ሆኖ ኖሯል። ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ ቁልቁለቱን የምትወርድ እናት የምትቀንሰው አምሮት የላትም። ይህ ምክር የሚመለከተው ጥቂት ተርፎን ሳለ፣ ከጎረቤት ላለማነስ ስንል ያልያዝነውን የምናወጣውን እኛን ነው።

ዕለቱ ራሱ በቂ ትምህርት ይሰጠናል። ኅዳር 12 ቀን ቅዱስ ሚካኤል እስራኤልን ከግብፅ ባርነት አውጥቶ በምድረ በዳ መምራቱ ይታሰባል። በዚያ ጉዞ ሕዝቡ የተመገበው መና በነፍስ ወከፍ አንድ ጎሞር ነበር። ለነገ ብሎ ያሳደረው ተበላሽቶ ተልቶ ተገኘ። ይሁን እንጂ መናው ሳይጎድልባቸው የግብፅን ዓሣና ሽንኩርት እያሰቡ ያለቀሱ ነበሩ። የሚያስፈልጋቸው በእጃቸው ሳለ የሚያምራቸው ግን ወደ ባርነት ቤት አስመኛቸው። አምሮት እንዲህ ነው፤ ያለውን አስንቆ ያለፈውን እስራት ያስናፍቃል።

በዚሁ ዕለት በስንክሳር የሚታወሱት ዱራታኦስና ቴዎብስታም አሉ። እነዚህ ባልና ሚስት በየወሩ በ12 የመልአኩን በዓል እያደረጉ ድሆችን ያበሉ ነበር። ረሃብ ሆኖ ቢቸግራቸው ልብሳቸውን ለበግ መግዣ ሊያውሉት ተነሡ። ይህን ታሪክ ይዘው «እንግዲያው ለበዓል መበደር ጽድቅ ነው» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ልብ እንበል። በጉ የተፈለገው ለተራበው ሰው ነበር እንጂ ለዐይን ማረፊያ አልነበረም። ልብሱም የራሳቸው ነበር፤ የልጆቻቸውን ቀለብ አልሸጡም። መልአኩ በመኮንን አምሳል ተገልጦ ዋስ ከሆናቸው፣ በዓሣውም ሆድ ውስጥ ወርቁ ከተገኘ በኋላ፣ በቅድሚያ ያዘዛቸው የበጉን፣ የዓሣውንና የስንዴውን ባለቤቶች ዋጋቸውን እንዲከፍሉ ነው። ዕዳን ረስቶ በዓል ማክበር በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ የለውም።

እንግዲህ መለያው በዕቃው ላይ አይደለም። አንዱ በግ በአንዱ ቤት አስፈላጊ፣ በሌላው ቤት አምሮት ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ለመግዛት ስንነሣ «ይህ ቢቀር የሚጎዳው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። የሚጎዳው ሰው ከሆነ፣ ማለትም የሚራብ ልጅ፣ መድኃኒት የሚያሻቸው አረጋዊ፣ ደጃችን ላይ የቆመ ነዳይ ከሆነ፣ ነገሩ ያስፈልጋል። የሚጎዳው ስማችን ብቻ ከሆነ ግን አምሮት ነው። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ይህንኑ አይተው ነው።

ወላጆቻችን ያቆዩልን ዘዴም አለ። በሬ ብቻውን መግዛት የማይችል ጎረቤት በቅርጫ ተካፍሎ በዓሉን ያለ ዕዳ ያከብራል። ጽዋ ማኅበርተኛው በየተራ ይደግሳል። ጽዋው ወደ ድግስ ፉክክር ሲለወጥና ተረኛዋ እናት አስቀድማ ስትጨነቅ ግን መጀመሪያ የተመሠረተበት ፍቅር እንደተጓደለ ሊታወቅ ይገባል። ማኅበርተኞችም ድግሱ በዳቦና በጠላ እንዲወሰን ቢስማሙ ለተረኛዋ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ ጾመ ነቢያት ይገባል። ጾም ሥጋና ቅቤ ቢቀሩ እንደማንሞት በየዓመቱ ያስተምረናል። ነገር ግን በጾሙ የተረፈው ገንዘብ ሁሉ ለገና ድግስ ከተከማቸ አምሮታችንን አዘገየነው እንጂ አልተውነውም። የተረፈው ለተራበው ሲደርስ ግን ጾሙ ጾም ይሆናል።

ከየካ ሚካኤል ስንመለስ ጠበላችንን ይዘን፣ ያለንን ከጎረቤት ተካፍለን፣ ያለብንን ዕዳ አስበን ቤታችን እንግባ። የመልአኩ ተራዳኢነት አይለየን። መልካም በዓል!