ሳይጠሩት የሚመጣ ሐሳብ

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚኖር፤ ነገር ግን ለቅርብ ወዳጁ እንኳ የማይናገረው ነው። እርሱም ሳይጠሩት እየመጣ ልቡናን የሚያስጨንቅ ክፉ ሐሳብ ነው።

አንድ ጸሐፊ ፋይል ይዞ በአለቃው ፊት ቆሞ ሳለ «አሁን ብሰድባቸውስ?» የሚል ሐሳብ ድንገት ይመጣበታል። አንዲት ተማሪ የእኅቷን ሕፃን ታቅፋ ሳለች «ብጥለውስ?» የሚል ይደርስባታል። ሌላው በቅዳሴ መካከል ቆሞ፤ በአፉ ሊያወጣው የማይደፍረው የስድብ ቃል በአእምሮው ውል ይልበታል። ሁሉም ይደነግጣሉ። «እንዲህ ያለ ነገር የማስብ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» እያሉም ራሳቸውን ይከሳሉ።

መልሱ አጭር ነው፤ እንደ ማንኛውም ሰው ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ባወጡት ጥናት፤ ከጤነኞች ሰዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው፤ የሐሳቡም ዓይነት ከሕመምተኞቹ ሐሳብ ጋር እጅግ እንደሚመሳሰል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ13 አገሮች የሚገኙ 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጠይቀው፤ ከመቶ 94 ያህሉ ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ ያልፈለጉት ሐሳብ እንደ መጣባቸው ተናገሩ።

እንግዲህ ሐሳቡ ለሁሉም የሚመጣ ከሆነ፤ አንዱ ረስቶት ሲያልፍ ሌላው ስለ ምን ይታመማል? ልዩነቱ ሰውየው ለሐሳቡ በሚሰጠው ትርጉም ነው። አንዱ «ምን ዓይነት ቅዠት ነው!» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሌላው ግን «ካሰብሁት ላደርገው ነው፤ ማሰቡም እንደ ማድረግ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ይህም ብዙ ጊዜ የሚጸናው ጥንቁቅና ኅሊናው የነቃ በሆነ ሰው ላይ ነው። ሐሳቡ የሚያስጨንቀን የምንወደውንና የምናከብረውን ስለሚነካ ነው። ተማሪይቱ የምትንቀጠቀጠው ሕፃኑን ስለምትጠላው ሳይሆን ስለምትወደው ነው።

ሰው ከዚህ በኋላ ሐሳቡን በግድ ሊያባርረው ይታገላል። ትግሉ ግን ሐሳቡን ያጠነክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን «ለአምስት ደቂቃ ያህል ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁት ግን ደወል ምቱ» አሏቸው። ደወሉ ደጋግሞ ተመታ። በኋላም «አሁን አስቡት» ሲባሉ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡት ከተፈቀደላቸው ይልቅ በብዛት አሰቡት።

ያ ጸሐፊያችንም እንዲሁ ነው። ስድቡን ሊረሳ በታገለ ቁጥር ፍርሃቱ ይበረታና፤ «በደብዳቤው ውስጥ ሳላውቅ የስድብ ቃል ጽፌ ይሆን?» ማለት ይጀምራል። የታሸገውን ፖስታ ከፍቶ ያነባል፤ ለጊዜው ዕፎይ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይጠራጠራል፤ እንደ ገናም ይከፍታል። ባልደረባውን «ደኅና ነው ወይ?» እያለ አሥር ጊዜ ይጠይቃል። ያቺ አጭር ዕፎይታ ወጥመዲቱ ናት፤ አእምሮው «የዳንሁት ስለ ከፈትሁት ነው» ብሎ ይማራልና። እንዲህ ያለው ነገር በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ጊዜ ሲወስድ ወይም ሥራንና ትምህርትን ሲያሰናክል፤ ሐኪሞች ኦ.ሲ.ዲ. የሚሉት ሕመም ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሕመም ሕክምና አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክቶር ማየር የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ፤ ሌላ ሕክምና ያልረዳቸውን ሁለት ሕመምተኞች በአዲስ መንገድ እንዳከመ ጻፈ፤ የሚፈሩትን ነገር እንዲጋፈጡ፤ ነገር ግን ፍርሃቱን ለማብረድ የለመዱትን ድርጊት እንዳይፈጽሙ ማድረግ ነበር። የዛሬው ሕክምናም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሐኪሙና ጸሐፊው አብረው የፍርሃት መሰላል ይሠራሉ። በታችኛው ደረጃ ለወዳጁ አጭር ደብዳቤ ይጽፋል፤ አንድ ጊዜ አንብቦ ያሽገዋል፤ ከዚያ አይከፍትም፤ ማንንም አይጠይቅም። ጭንቀቱ መጀመሪያ ይወጣል፤ ቆይቶ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ይወርዳል። ባይወርድም እንኳ ጭንቀቱን ይዞ መሥራት እንደሚቻል ይማራል። ይህን ሲለምድ ለሌላ ክፍል የሚሄደውን፤ በመጨረሻም ለአለቃው የሚቀርበውን ደብዳቤ እንዲሁ ያደርጋል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ሐኪሙ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒትም ሊያዝ ይችላል፤ እርሱም እስኪሠራ እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል፤ «አልረዳኝም» ብሎ በገዛ ራስ ማቋረጥ አይገባም።

ምናልባት «ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሐሳብ መምጣቱና ልብ በሐሳቡ መስማማቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የቀደሙት መነኮሳት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም «ወስዋስ» የሚል ስም አላቸው። ለንስሓ አባት መናገር መልካም ነው፤ ስለ አንዱ ሐሳብ በየቀኑ እየተመላለሱ «ኃጢአት ሆነብኝ ወይ?» ማለት ግን ፖስታውን እንደ መክፈት ነው። ጸበልና ጸሎትም ወደ ሐኪም ከመሄድ አይከለክሉም።

በቤታችሁ ደግሞ ይህን ሞክሩ። ሐሳቡ ሲመጣ «ይኸው ያ ሐሳብ መጣ» በሉ፤ አትከራከሩት፤ አታባርሩት፤ የጀመራችሁትን ሥራ ቀጥሉ። ውሾቹ ይጮኻሉ፤ ግመሎቹ ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ግን ለዩ። ሰው መሞትን ወይም ሌላውን መጉዳትን በእውነት ከፈለገና ካቀደ፤ ወይም የሚያዝዘው ድምፅ ከሰማ፤ ይህ ሌላ ጉዳይ ነውና በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ብቻውንም አይተውት። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሌላ ከተማ ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ባለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጠይቁ።

ለሐኪሙ መናገር ቢያሳፍራችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። እንዲህ ያለው ሐሳብ ለእርሱ አዲስ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በዚህ ሕመም ደግሞ ከሐሳቡ ይልቅ ሰውን ለብዙ ዓመት የሚያሠቃየው መደበቁ ነው።